መጽሐፉን ማን መረጠው?

የአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት መጽሐፍ አለው?» ተብሎ ነው። ቁጥሩ ከበዛ ደስ ይለናል፤ ካነሰ ርዳታ እንለምናለን። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። በመደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ማን መረጠው? ለየትኛው አንባቢ አስቦ መረጠው? የቀረውስ በምን ምክንያት ቀረ? ይህ ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ገንዘብ ነውና ተማሪውም መምህሩም ሊያስብበት ይገባል።

ነገሩ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር ተቀምጠው ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ባስዘረፉ ጊዜ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት ተወሰዱ። ንጉሡ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያከማቹት መጽሐፍ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋ እንደ ነበር ይነገራል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ከጦሩ ጋራ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ አብሮ መጥቶ ነበር። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ከአምባው ወረደ፤ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ተመርጠው ወደ ለንደን ተላኩ። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬም በዚያው በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት መራጮች አሉ። አንዱ ንጉሥ ነው፤ በሰይፍ ሰበሰበ። ሁለተኛው የሙዚየም ሰው ነው፤ ለሙዚየሙ የሚበጀውን ለየ። ደብተራውን፣ የቅኔ ተማሪውን፣ መጽሐፉ የተጻፈለትን ሰው የጠየቀ ግን ከሁለቱም አልተገኘም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ለንደን አንድ ቁም ነገር ሠርታለች። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ እያንዳንዱን መጽሐፍ በቁጥርና በይዘት መዝግቦታል። ዛሬ የተወሰደብን የቱ እንደ ሆነ ስም ጠርተን የምንከራከረው በዚያ መዝገብ ጭምር ነው። መጽሐፍ ያለ መዝገብ ቢቀመጥ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ ሰይፍ የያዘ መራጭ የለም። ዳሩ ግን በየቤተ መጻሕፍቱ ራሳቸውን ሳይገልጡ የሚመርጡ ሦስት መራጮች ሊገቡ ይችላሉ፤ ስጦታ፣ ፍርሃትና ቁልፍ።

ከስጦታ እንጀምር። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም እንደሚባለው፣ ከባሕር ማዶ በካርቶን መጽሐፍ የሚልክ ሰው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ይሁን እንጂ በስጦታ የመጣ መጽሐፍ ለእኛ ታስቦ የተመረጠ ነው ማለት አይደለም። ጊዜው ያለፈበት የኮምፒዩተር መማሪያ፣ ስለ ሌላ አገር ግብር ሕግ የተጻፈ ጥራዝ ቦታ ይይዛል፣ መዝጋቢ ይፈልጋል፣ አቧራ ያስጠርጋል። በነጻ የመጣው መጽሐፍም ወጪ አለው። ተቀባዩ ሲመርጥ ምን እንደሚሆን ለማየት የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ሥራ መመልከት ይበቃል። እኒህ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ባለመኖሩ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም መጽሐፍ በአህያ እየተጎተተ ወደ ልጆች እንዲደርስ አደረጉ። የጀመሩት ከአንባቢው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው መራጭ ፍርሃት ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ከየሱቁ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ያ በግልጽ የተደረገ ነው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራው ፍርሃት ግን ድምፅ የለውም። ማንም «ተከልክሏል» አይልም፤ የሚያከራክረው መጽሐፍ ዝም ተብሎ አይገዛም፣ ቢገዛም ከኋላ ክፍል ይቀራል። የዩኔስኮና የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡትና በ2022 ያደሱት መግለጫ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክምችት በፖለቲካ፣ በሃይማኖትም ሆነ በንግድ ግፊት እንዳይወሰን ይጠይቃል። የራሳችን ታሪክ በሚያከራክረን በዚህ ጊዜ ከዚህ የሚሻል መመሪያ አላውቅም። ስለ ቴዎድሮስ የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም መጽሐፍ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ፍርዱን አንባቢው ይስጥ።

ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላልና፣ ቁልፍ ያዡ «ቢያውሱት ይቀደዳል፣ ቢጠፋ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ይፈራል። አይፈረድበትም፤ ለጠፋው መጽሐፍ የሚጠየቀው እርሱ ነው፣ ሳይነበብ ለቀረው ግን የሚጠየቅ የለም። ሕንዳዊው ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ቤተ መጻሕፍት አምስት ሕጎች ሲደነግግ መጽሐፍ የሚኖረው ለመጠበቅ ሳይሆን ለመነበብ እንደ ሆነ ያስቀደመው ያለ ምክንያት አልነበረም። የተነበበ መጽሐፍ ቢቀደድ ይጠገናል፤ የተቈለፈበትን ግን ብል ይበላዋል።

«ገንዘብ በሌለበት ምን ይመረጣል?» የሚሉ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘብ የተረፈው ሁሉንም ሊገዛ ይችላል፤ መምረጥ ያለበት ያጣው ነው። አባቶቻችን አንድ ዳዊት ለመጻፍ ብዙ ቆዳ መፋቅና መወጠር ነበረባቸውና ብራናውን በከንቱ አያባክኑም ነበር። የሚጻፈው ለትምህርቱና ለአገልግሎቱ የሚያስፈልገው ነበር።

ታዲያ ለደቡብ ጎንደር ደጋ ምን ይመረጥ? በጉና ሥር ያለ ገበሬ ገብስና ድንች ያመርታል፤ ፎገራ ሩዝ አብቃይ ሆናለች። ስለ ድንች በሽታና ስለ ሩዝ አዘራር በቀላል አማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ማንበብ የሚችል የገበሬ ልጅ ለአባቱ የሚያነብለት፣ ከብዙ የባዕድ ልብ ወለድ በፊት መገኘት አለበት። ከዚህ ቀጥሎ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊሰበስብልን የማይችለው የአገራችን መዝገብ ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት። በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ቀልዳቸው በየቤቱ ይነገራል፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋምም ከደብረ ታቦር ጋራ የተያያዘ ነው። ደብተራ ዘነብ የጻፉት የቴዎድሮስ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1902 በኤኖ ሊትማን አማካይነት የታተመው በባዕድ አገር ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኔሶታ ይገኛል። የእነዚህን ቅጂ መጠየቅ፣ የሊቃውንቱን ድምፅ መቅዳት፣ ስለ አካባቢው የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች መሰብሰብ፣ ይህ ሁሉ ከመግዛት ይልቅ ትጋት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አደራደሩም ምርጫ ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው አከፋፈል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከ820 እስከ 829 ሲንሰራፋ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በሙሉ ከነጥብ በኋላ በ892.87 ይታጨቃል። አንባቢው አማርኛ በሆነበት ከተማ ቁጥሩን እንደ ወረደ መቀበል አያሻም። ስምም እንዲሁ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ መመዝገብ ፈላጊውን ማሳሳት ነው፤ የእኛ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የመጻሕፍት አመራረጥ ደንብ በአንድ ገጽ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ መራጩ አንድ ሰው አይሁን፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሊቃውንት፣ ሴቶችና ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ይሁን። ሦስተኛ፣ አንባቢ የፈለገውን መጽሐፍ የሚጽፍበት ደብተር ይቀመጥ፤ ያልተገዛው ለምን እንዳልተገዛ በዚያው ይመለስለት። አራተኛ፣ ስጦታ የሚቀበሉት የማይጠቅመውን ለሌላ ለማሳለፍ መብት እንዳላቸው ለሰጪው አስቀድመው ነግረው ይሁን። አምስተኛ፣ በየዓመቱ ቆጠራ ይደረግ፤ ያረጀና ለዓመታት ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ በቃለ ጉባኤ ይወገድ። አካባቢውን የሚመለከት ግን ገጹ ቢቀደድም ይጠገን እንጂ አይወገድ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሁሉ መንግሥት ይሥራው ብለን ከተቀመጥን እንደ ልማዳችን ማውራት ብቻ ይሆናል። የታሪክ ተማሪ ስለ ወረዳው የተጻፉትን መጻሕፍት፣ የግብርና ተማሪ ለገበሬው የሚበጁትን፣ የቋንቋ ተማሪ ለልጆች የሚሆኑትን ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ መምህራኖቻችን አርመውት፣ ማኅበራችን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢያቀርበው ወረቀትና ጥቂት የዕረፍት ቀን እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። የመጀመሪያው ዝርዝር ይህ የትምህርት ወቅት ሳያልቅ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በአክብሮት አሳስባለሁ።