ልጃችን «አገርህን ወይስ ትምህርትህን?» አይባል!



ከመካከላችን ወንድም ወይም እህት ባሕር ማዶ የሌለው ማን አለ? የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 ግን፣ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ ውጭ አገር ተወልዶ የዚያን አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነትን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ዝምታ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሆነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ብሎ የለምን?

ያ ዓመት ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዓመት ነው። ኢትዮጵያዊነቱን ቢመርጥ በተወለደበት አገር ለመማር የተማሪ ቪዛ ደጅ ይጠናል። ሌላውን ቢይዝ በአያቱ አገር ባዕድ ይሆናል።

«ቢጫ ካርድ አለላቸው» ይሉናል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው ካርድ ከቪዛና ከመኖሪያ ፈቃድ ነፃ ማድረጉን አንክድም። ባለካርዱ ግን አይመርጥም፤ አይመረጥም። ካርድ ዜግነትን አይተካም!

ስለሆነም ፓርቲያችን ሲመረጥ፦
• አንቀጽ 20 እንዲሻሻል ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤
• በትውልድ ሁለት ዜግነት ያገኙ ልጆች ሁለቱንም ይዘው እንዲማሩ፣ ሲመለሱም እንደ ዜጋ እንዲገቡ ይታገላል።

ድምፃችሁ ለልጆቻችሁ ይሁን!