«ላስተምራት» ተብላ የተወሰደችው ልጅ

የባሕር ዳሯ ሕፃን ሔቨን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ስትገደል የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። አገሩ በሙሉ ስለ እርሷ የሰማው ግን ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ነው። ያን ጊዜ ከ200 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰባሰበ፤ በገዳይዋ ላይ የተፈረደው 25 ዓመት እስራት አነሰ ተባለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ዶርማችን ውስጥ አልበረደም። አንዱ ይሰቀል ይላል፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን ይታሰር ይላል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ እኛም ተቆጥተናል። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ የእስራት ዓመት መቁጠር ልጅ ከሞተ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ደግሞም በደል ሁሉ በአንድ ቀን አይፈጸምም። በሰው ቤት ቀስ በቀስ የምትሞት ልጅ አለች። እርሷን ማን ያያታል? የእጩ መምህራን ጥያቄ መሆን ያለበት ይኸኛው ይመስለናል።

የሐናን ነገር ያልሰማ ካለ እንንገረው። (ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የጻፍነው።) ሐና በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ተወስዳ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን በሚባለው ክፍለ ግዛት ትኖር ጀመር። የተሻለ ኑሮ፣ የተሻለ ትምህርት ተብሎ ነው። በግንቦት 2003 በአሳዳጊዎቿ ጓሮ ብርድ መትቷት ሞተች፤ ዕድሜዋ 13 ዓመት ገደማ ነበር። በፍርድ ቤት እንደተሰማው ምግብ ይከለክሏት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያሳድሯት፣ ይገርፏት ነበር። ይህ ሁሉ እንግዲህ ሥርዓት ማስያዝ ነው! ሴትዮዋ 37 ዓመት ገደማ፣ ባልየው 28 ዓመት ገደማ እስራት ተፈረደባቸው። ኢትዮጵያም በጥር 2010 ልጅን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለች።

ከዚህ ታሪክ እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን አንድ ትንሽ ነገር አለ። ሐና ትምህርት ቤት አትሄድም ነበር። የሚያስተምሯት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በጠዋት ስሟን የሚጠራ መምህር፣ «ምነው ከሳሽ?» የሚላት የወንበር ጓደኛ አልነበራትም።

አሜሪካ ሩቅ ነው የሚል ይኖራል። ታዲያ ወደ ቤታችን እንምጣ። ከባንጃም፣ ከፋግታም፣ ከአንከሻም ገጠር ልጅ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ሲመጣ የሚባለው ቃል ምንድን ነው? «ከተማ ወስጄ ላስተምርልህ» ነው። ወላጅ ያምናል፤ ዘመድ ነዋ! አብዛኛውም ዘመድ ቃሉን ይጠብቃል። ከእኛም ብዙዎቻችን 12ኛ ክፍል የደረስነው አክስት ወይም አጎት ቤት ተቀምጠን ነው፤ ምስጋናችን ዛሬም አለ። ነገር ግን ውኃ ስትቀዳ፣ ሕፃን ስታዝል፣ ጠላ ስትቀዳ የምትውል፣ ደብተር ተገዝቶላት የማታውቅ ልጅም በየሰፈሩ አለች። እናትና አባቷ ተምራለች ብለው ተቀምጠዋል። ጎረቤት የሚያያት ጀሪካን ይዛ ስታልፍ ብቻ ነው። በየትኛውም መምህር የስም መጥሪያ ላይ ስሟ የለም፤ ስለዚህ ብትቀር «ቀረች» የሚል አይገኝም።

ልክ በዚህ ቃል ነው ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የአይቮሪ ኮስት ልጅ ከወላጆቿ እጅ የወጣችው። ዘመድ የሆነች ሴት አውሮፓ ወስጄ ላስተምራት ብላ ወሰደቻት። በየካቲት 1992 ለንደን ውስጥ ሞተች፤ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። በገላዋ ላይ 128 የጉዳት ምልክት ተቆጠረ። ሆስፒታል አይቷታል፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች አይተዋታል፣ ፖሊስም ያውቃት ነበር። በጥር 1995 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ልጅቱን ለማዳን ይቻል የነበረባቸውን 12 አጋጣሚዎች ቆጥሯል። እስቲ ይህን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፈረንሳይ ሳለች ትምህርት ቤቷ ብዙ ጊዜ መቅረቷን አይቶ ልጅቱ አደጋ ላይ ናት ብሎ አስታውቆ ነበር። ወደ እንግሊዝ ከተሻገረች በኋላ ግን እስክትሞት ድረስ፣ 10 ወር ገደማ፣ አንድም ትምህርት ቤት አልገባችም። መቅረቷን የሚያውቅ ሰውም በዚያው ጠፋ።

በክልላችን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሲሆኑ፣ ሁላችንም የተናገርነው ስለ ፊደልና ስለ ፈተና ነው። እነዚያ ልጆች በየቀኑ ከሚያያቸው ሰው ዓይን ጭምር ነው የወጡት። ይህን የተናገረ ብዙ ሰው አልሰማንም።

እንግዲህ መምህር ካለ ልጅ ይድናል ማለት ነው? አይደለም። ዳንኤል ፔልካ የሚባል የ4 ዓመት ልጅ፣ ወላጆቹ ከፖላንድ የሄዱ፣ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። መምህራኑ ምግብ ከቆሻሻ መጣያ ሲለቅም አይተዋል፤ ሰውነቱ ላይ የበለዘ ነገር አይተዋል። እናቱ የአመጋገብ ሕመም አለበት አለች፤ ታመነች። በየካቲት 2004 ሞተ። ከዚያ በኋላ ሲጣራ አንዱ ያየውን ሌላው እንዳላወቀው፣ የታየውም በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ እንዳልተያዘ ተገኘ። ሌላም ተገኘ፤ ልጁን ስለ ቤቱ ኑሮ በራሱ ቋንቋ ቁጭ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የአፍ መፍቻው ፖላንድኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ገና አልለመደም።

እዚህ ላይ ነገሩ የእኛ ዞን ነገር ይሆናል። አንዳንዶቻችን አዊኛ አንችልም። ያለቋንቋችን ተመድበን ልናስተምር እንችላለን፤ በአማርኛ «ምን ሆንክ?» ስንለው ሕፃኑ «ምንም» ይለናል፤ እኛም መዝገባችንን ዘግተን እንሄዳለን። ሕፃን የሚያመውን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። አዊኛ የሚችል ባልደረባ ጠርቶ፣ አሳዳጊው በሌለበት፣ ቀስ ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ሌላው ነገር አለንጋ ነው። ይህን ስንጽፍ የሚቀየሙን እንዳሉ እናውቃለን፤ ግን እንጽፈዋለን። በጠዋት አርፍዶ በመጣ ልጅ መዳፍ ላይ ዱላ የሚያሳርፍ መምህር፣ ከሰዓት በኋላ ያ ልጅ መጥቶ «እቤት መቱኝ» እንዲለው ይጠብቃል እንዴ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 576 ሕፃንን በኃላፊነት ይዞ የሚያጎሳቁል፣ የሚደበድብ ሰው እስከ 3 ወር ቀላል እስራት እንዲቀጣ ይላል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት አያንስም። ለመልካም አስተዳደግ የሚደረግ፣ ሕግን የማይጻረር ቅጣት ግን አይነካም ይላል። እንግዲህ ያ መስመር የቱ ጋ ነው? ገራፊ ሁሉ የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነው። በሌላ በኩል፣ ወንጀል አይቶ ዝም ያለን ሰው ሕጉ በመሠረቱ የሚቀጣው ወንጀሉ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስከትል ሲሆን ነው። በየሳምንቱ የሚደበደብ ልጅ እያየ ዝም የሚል መምህር እንግዲህ በሕግ የሚነካው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኛ ይህ መለወጥ አለበት እንላለን፤ የመምህርነት ፈቃድ ከማሳወቅ ግዴታ ጋር መታሰር አለበት።

ከመካከላችን አንዷ በልምምድ ላይ ሳለች እጇ የተቃጠለ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጋጠማት። ልጅቱ በዘመድ ቤት ነው የምትኖረው። ጓደኛችን ነገሩን ለስም ጠሪው ብትነግረው «ተዪው እቴ፣ የሰው ገመና ነው፤ ነገ አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኛ ከሰፈሩ ጋር እንቀራለን» አላት። ስም ጠሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም እውነት አለበት። መንደር ውስጥ ብቻውን የሚናገር መምህር ብቻውን ይጠላል። ለዚህ ነው ነገሩ የአንድ ሰው ድፍረት ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ሥራ መሆን ያለበት። በየትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ይኑር፤ ማንኛውም መምህር ያየውን ቀን ጠቅሶ ይጻፍበት፤ ርእሰ መምህሩ በየሳምንቱ ያንብበው፤ ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ቤት ሁለት መምህራን አብረው ይሂዱ። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

የተቋማችንን አስተዳደርና መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ለሚቀጥለው ልምምድ ከመውጣታችን በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ይሰጠን። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ እና ከፖሊስ አንድ ሰው ይጋበዙልን። ቢሮአቸው የት እንደሆነ፣ አርብ ማታ የተጎዳች ልጅ ብናገኝ ለማን እንደምንደውል፣ ልጅቱ በዚያች ሌሊት የት እንደምታድር ይንገሩን።