በወር ሠላሳ ጽሑፍ፣ የሰው እጅ ሳይነካው

የማውቀው አንድ የአሶሳ ልጅ አዲስ ሥራ ጀምሯል። ላፕቶፑን ይዞ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ማር ነጋዴ፣ መኪና አከራይ ዘንድ ይገባና «ድረ ገጽ ልክፈትላችሁ፤ በወር ሠላሳ ጽሑፍ ይወጣበታል። እናንተም አትጽፉም፣ እኔም አልጽፍም» ይላል። ርዕሱን የሚመርጠው ኤአይ ነው፤ ጽሑፉንም የሚጽፈው እሱ፣ ፎቶም ከሌለ ሠርቶ የሚለጥፈው እሱ። ባለቤቱ ተኝቶ ያድራል፣ ጠዋት ጽሑፉን ወጥቶ ያገኘዋል። ዓላማው ሰው እንዲያነበው ሳይሆን ጎግል እንዲያየው ነው። አንድ መንገደኛ «አሶሳ ማረፊያ» ብሎ ሲፈልግ የዚያ ቤት ስም ከላይ ይምጣ ነው ነገሩ።

ልጁን አልኮንነውም። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ አየር ማረፊያም ዩኒቨርሲቲም አላት። ስሟን በአማርኛ ጽፎ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያገኘው በአብዛኛው የግጭት ዜናና የባለሥልጣን መግለጫ ነው። እዚያ መካከል የአንድ እንግዳ ማረፊያ ስልክ ቁጥር ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ስለዚህ «እንታይ» ማለቱ ያስኬዳል።

ችግሩ የሚታየው ጽሑፉ ሲነበብ ነው። «አሶሳን ሲጎበኙ ሊያመልጡዎ የማይገቡ አሥር ነገሮች» የሚለውን አነበብኩት። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ አሶሳ «በአረንጓዴ ኮረብታዎች እቅፍ» ውስጥ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ነገር ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው፤ «ከከተማዋ በቅርብ ርቀት የሚገኝ፣ ለግማሽ ቀን ሽርሽር የሚመች» ይላል። ግድቡ ያለው ጉባ ነው፣ ጉባ ደግሞ መተከል ነው። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል ከወንዙ በስተ ሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በስተ ደቡብ። ማሽኑ በሁለቱም ቦታ «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» የሚለውን አይቶ ጎረቤት አደረጋቸው። ሰባተኛው ነገር የቡና ሥነ ሥርዓት ነው፤ ይህ ለጅማም ለጎንደርም ይሆናል። ስለ ዋዛ ግን አንዲት መስመር የለም። ዋዛ የክልሉ ነባር ሕዝብ የሆኑት የበርታዎች ረጅም የቅል መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚወለደው ሁሉም ሲገጣጠሙ ነው። ለጎብኚ ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረዋል?

ጎግል እንዲህ ላለው ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባወጣው ደንብ፣ የፍለጋ ደረጃ ለመሻማት ብቻ ተብሎ በጅምላ የሚመረት ጽሑፍ፣ ሰው ጻፈው ማሽን ጻፈው፣ ደረጃው ሊወርድ ወይም ጨርሶ ከውጤቱ ሊወጣ እንደሚችል አስታውቋል። ኤአይ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የሚያስቀጣው የማይረባውን ማብዛት ነው። ይህንን ለልጁ ብነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ እሱ ለእንግሊዝኛው ነው። ስለ አሶሳ በአማርኛ ከእኛ ሌላ ማን ጻፈና ነው የሚያወርዱን?»

ብዙም አልተሳሳተም፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ስለ ናይሮቢ ሆቴሎች አንድ ገጽ ቢዋሽ ብዙ ሌሎች ገጾች ያርሙታል። አሶሳ ላይ የሚያርም የለም፤ ቀድሞ የተጻፈው እውነት ሆኖ ይቀመጣል። አሁን ደግሞ ፍለጋው ራሱ በኤአይ የተቀመረ መልስ ከላይ ማስቀደም ጀምሯል፣ መልሱንም የሚለቅመው ከእነዚሁ ገጾች ነው። ማሽኑ ራሱ ተናግሮ ራሱ ይመሰክራል።

የዚህ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ከግሪንላንድ መማር ይቻላል። የአገሬው ሕዝብ 57 ሺህ ቢደርስ ነው። በቋንቋው የተከፈተው ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲዘጋ ተወሰነ። ይዘጋ ብሎ ያመለከተው ለዓመታት ገጹን ሲያስተዳድር የኖረው ኬኔት ዌር ነው፤ አብዛኛውን ጽሑፍ ቋንቋውን የማይናገሩ ሰዎች፣ ብዙውንም በማሽን ትርጉም፣ የሞሉት ሆኖ ስላገኘው። የትርጉም ማሽኖች ደግሞ ትንንሽ ቋንቋዎችን የሚማሩት በአመዛኙ ከዊኪፒዲያ ነው። የእኛ ልጅ ቀጥሎ በበርታ ቋንቋ ሊሞክር አስቧል። በአማርኛ የተሳሳተውን አንባቢ ይስቅበታል። በርታ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ ግን በጽሑፍ ገና ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ብዙም ያልወጡ ናቸው፤ እዚያ የሚገባ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ ልጅ ፊት ይደቀናል። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ ተቃወምኩት።

ለመሆኑ ስለ አሶሳ ጎግል ላይ የሚፈልገው ማን ነው? የከተማው ሰው አይደለም። እሱ ይደውላል፣ ካልሆነም ቴሌግራም ይከፍታል። የሚፈልገው ሩቅ ያለው ነው፤ ለኩርሙክ ወርቅ የሚመጣ ባለሙያ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የገቡትን ለመርዳት የሚጓዝ የተራድኦ ሠራተኛ፣ ዘመዱን ሊጠይቅ የተነሳ የውጭ አገር ነዋሪ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመርቆ ሲያይ ልቡ የተነሳሳ አገር ጎብኚ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ መንገዱ እንዴት ነው? በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ የሚመጣው መስመር ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምን ያህል እንደተፈተነ ሹፌሮች ይናገሩ። የማሽኑ ጽሑፍ «ውብ መልክዓ ምድር እየቃኙ የሚጓዙበት አስደሳች የመኪና ጉዞ» ይለዋል። ስለ መንገድ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ ክፋት አስቦ አይደለም። ግን ሰው አምኖት ሊነሳ ይችላል።

ኤአይ እዚህ ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። የአሶሳን ማንጎ ተመልከቱ። ቅጠሉንና ፍሬውን በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍነው ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ታየ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዘለቀ። ስለ ተባዩ የተሠራ ጥናት አለ፤ አሶሳ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ፣ በፒዲኤፍ፣ ገበሬ በማይከፍተው ቦታ ነው። አንድ ገበሬ ልጁን «እስቲ ጎግል ላይ እይልኝ» ቢለው የሚመጣለት የማንጎ ጭማቂ ለቆዳ ያለው ጥቅም ነው። ያንን ጥናት ማሽን በቀላል አማርኛ ቢያቀርበው፣ ባለሙያ የመድኃኒቱን ስምና መጠን አይቶ ስሙን ቢያኖርበት፣ እኔ የመጀመሪያው አመስጋኝ ነኝ። እንዲህ ያለው በወር ሠላሳ አይወጣም፤ ሁለት ከወጣም ተመስገን ነው።

ለልጁም ይህንኑ አልኩት። ሠላሳውን ተወውና አንድ ገጽ በየሳምንቱ አድስ፤ መንገዱ፣ በረራው፣ ነዳጁ፣ የባንክ ኔትወርኩ፣ የክፍሉ ዋጋ፣ የተጻፈበት ቀን፣ የሚደወልበት ስልክ። አንተ ጠይቀህ አምጣ፣ ማሽኑ ያሰናዳልህ። «ለአንድ ገጽ ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ትከፍላለች ብዬ አስባለሁ። ከማያውቋት ሰዎች የሚመጣውን ስልክ እያነሳች «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው፣ የነገውን ነገ ደውሉ» ስትል የምትውለው እሷ ናት።