አብሯት የሚገባ ሰው

በቤት መውለድ በተነሳ ቁጥር በጤና መልእክቶቻችን ውስጥ የምትገሠጸው እናቲቱ ናት። ያልሰማች፣ ያልተማረች፣ ከልማድ መላቀቅ ያቃታት ተደርጋ ትሳላለች። ነገር ግን ሕፃን ቤት ውስጥ ሲወለድ የአንዲት ሴት ብቻዋን የወሰነችው ውሳኔ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ምጥ ሲጀምራት አማቷ አለች፣ እናቷ ትጠራለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የልምድ አዋላጇ ትመጣለች፣ ባል ደጅ ላይ ይንቆራጠጣል። «እስቲ ትንሽ እንይ» የሚለውም «ቃሬዛ አምጡ» ብሎ የሚነሳውም ይኸው ቤተሰብ ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ይህ ቤተሰብ ጤና ተቋም ሲደርስ ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው። በብዙ ቦታ የሚገጥመው የተዘጋ በር ነው። ሴቲቱ ትገባለች፤ ተሸክመው ያመጧት አጥር ሥር ይቀመጣሉ። ይህ በር ካልተከፈተ ቤት የመውለድ ልማድ በስብከት ብቻ አይቀንስም የሚል እምነት አለኝ።

ቤት መውለድ አደገኛ አይደለም እያልኩ አይደለም። ከወሊድ በኋላ ማህፀን ሳይኮማተር ሲቀር የሚፈስ ደም ጤነኛዋን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል፤ ማን ላይ እንደሚደርስም አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። አምስት ልጅ በሰላም የወለደች ሴት በስድስተኛው ልታልፍ ትችላለች። የልምድ አዋላጅ የቱንም ያህል እጇ የተባረከ ቢሆን የኦክሲቶሲን መርፌ፣ የሚሰጥ ደም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል የላትም። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ለዘመናት የተቀበላቸው ሴቶች አብዛኞቹ ልጃቸው መውጣት አቅቶት ከሕክምና ርቀው ቀናት ያማጡ ነበሩ። በዚህ በኩል ክርክር የለኝም።

አገሪቱም ብዙ መንገድ ተጉዛለች። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላም ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 አደገ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ አምቡላንሱ፣ የወሊድ አገልግሎት ነፃ መደረጉ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከ100 ሺህ ወሊድ 871 የነበረው የእናቶች ሞት ግምት በ2016 ወደ 412 መውረዱን ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ይሆናል። ሆኖም በ2019ም ገና ግማሹ ሕፃን ቤት ውስጥ ነበር የሚወለደው። ለምን? የ2011ዱ ጥናት ቤት የወለዱትን ሴቶች ራሳቸውን ሲጠይቅ ከመቶ 61ዱ ተቋም መሄድ አስፈላጊ አይደለም፣ 30ዎቹ ደግሞ ልማዳችን አይደለም ብለው ነበር።

ብዙዎቻችን «አስፈላጊ አይደለም» የሚለውን መልስ እንደ አላዋቂነት ቆጠርነው። እኔ የማነበው እንደ ንጽጽር ነው። ቤት ውስጥ ወገቧን የሚያሽላት ሰው አለ። ሲያሻት ትንበረከካለች፣ ሲያሻት ምሰሶ ትይዛለች፤ ገላዋ አይገለጥም። የክርስቲያኑ ቤት ከሆነ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» እያሉ አብረዋት ያምጣሉ። ልጁ ሲመጣ እልልታው፣ ቀጥሎ ገንፎው። በተቋሙ ደግሞ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት በጀርባዋ ጠባብ አልጋ ላይ ተኝታ፣ አንዳንዴም ከወጣት ተማሪዎች ጋር ተፋጥጣ፣ አዋላጇ ወደ ሌላ ታማሚ ስትሄድ ብቻዋን ትቀራለች። በየክልሉ እናቶችን ያነጋገሩ ጥናቶች ደጋግመው የሰሙት ይህንኑ ነው፤ ብቻ መሆን፣ መገለጥ፣ መቆጣት። ቤቱ ሕክምና የለውም፤ ተቋሙ ሰው የለውም። ምጥ ላይ ያለች ሴት ዛሬ የምታየው የሰውን መጥፋት ነው፤ የደሙ አደጋ ነገ ይደርስ አይደርስ አታውቀውም።

አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማብሰያና ቡና ማፍያ ማዘጋጀታቸው ጥሩ ጅምር ነው። ግን ገንፎው የሚቀርበው ጭንቁ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው የሚያስፈልጋት በምጡ መሐል ነው፤ ይህም የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2017 ከ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ፣ በምጥ ጊዜ ያለማቋረጥ አጠገቧ የሚሆን ሰው ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥር፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይህን ውጤት ይዞ በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ በተገኘ ነበር።

አዋላጅ ነርሶች የሚያነሱት ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የሌሎች እናቶች ገመና አለ፣ ዘመድ እየገባ «ይህን አድርጉ» ይላል፣ አንድ ነገር ከተበላሸ ደግሞ ጠብ ይነሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሰው ብቻ ማስገባትና በአልጋዎች መካከል መጋረጃ መስቀል ይበቃል። ጠቡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከበሩ ጀርባ ነው። ስድስት ሰዓት ደጅ ላይ ተቀምጦ ሬሳ የተሰጠው ቤተሰብ ምን እንደተደረገ ስላላየ የሚገምተው የከፋውን ነው። አዋላጇ ስትለፋ ያየች እናት ለቀሩት ዘመዶች ምስክር ትሆናለች። ደሙ ሲበዛ ቀድማ የምትጮኸውም ከአልጋው ራስጌ ያለችው ናት፤ በአንድ አዋላጅ እጅ ሦስት ወላድ ባለበት ክፍል ይህ ትንሽ እርዳታ አይደለም። ሌላም አለ፤ የሴቲቱ እናት ቆማ እያየች ስድብና ጥፊ አይደፈርም። ምናልባት በሩ ተዘግቶ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ይሆናል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ባይኖርም።

ሌላው ክርክር ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፤ ታዲያ በእንግሊዝ እንደሚደረገው የሠለጠነች አዋላጅ ወደ ቤት ትምጣላት የሚል። የእንግሊዙን ጥናት ሙሉውን ማንበብ ይበጃል። በ2011 የወጣውና ከ64 ሺህ በላይ ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸውን ሴቶች የተከታተለው ይህ ጥናት፣ ከዚህ በፊት ለወለዱት ቤት መውለድ በሕፃኑ ላይ ተጨማሪ አደጋ እንደማያመጣ፣ ለመጀመሪያ ወላጆች ግን አደጋው ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ከመጀመሪያ ወላጆቹም 45 ከመቶ ያህሉ ከቤት ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። የእንግሊዝ ቤት አስፋልት ዳር ነው፤ አምቡላንሱ ይደርሳል። በሰሜን ሸዋ ገደል ለገደል ወይም በአፋር በረሃ ይህ ዝውውር የግማሽ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል። አዋላጇን ወደ ቤት ከመውሰድ ቤቱን ወደ አዋላጇ ማምጣቱ ይቀላል።

ርቀቱስ? በር ቢከፈት መንገድ የሌላት ሴት ምን ትጠቀማለች? ለዚህ በአገራችን መልስ ተገኝቷል። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ቀናቸው የደረሰ እርጉዞችን በግቢው የሚያሳድርበትን የእናቶች ማቆያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያካሂዳል። ከ1987 እስከ 2008 ባለው መዝገቡ፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100 ሺህ ሕያው ልደት 90 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበር። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከተበላሸ በኋላ ስለሚደርሱ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ቀድሞ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ተሠርቷል። አንዳንዶቹ ግን ባዶ የሚያድሩት ሴቲቱ የምትበላው ስለማይኖርና የምታስታምማት እህቷ ወይም እናቷ የምትተኛበት ስለሌለ ነው። ለአስታማሚዋ አልጋ ያልታሰበበት ማቆያ በሩ ከተዘጋው ማዋለጃ ክፍል ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ይደግማል።

የሚገባው ሰው ማን ይሁን የሚለውን ግን መሥሪያ ቤት መወሰን የለበትም። በከተማ ባል እንዲገባ የሚሹ አሉ፤ በብዙ ገጠር ወንድ እዚያ መቆሙ ራሱ ያሳፍራታል። አማቷን የምትፈራ አለች፤ እናቷን ብቻ የምትል አለች፤ ያቺኑ የልምድ አዋላጅ የምትመርጥም ትኖራለች፤ ሴትዮዋም ከመባረር ይልቅ እጇን ታጥባ ወገብ ብታሽ ምንም አይጎድልም። ማንንም አልፈልግም የምትልም አለች። ጥያቄው በእርግዝና ክትትል ወቅት፣ ዘመድ በሌለበት፣ ለእሷ ለብቻዋ ይቅረብ፤ መልሷም በካርዷ ላይ ይጻፍ። ምጥ ከያዛት በኋላ በተሰበሰበው ዘመድ መካከል የምትሰጠው መልስ የራሷ መሆኑን ማወቅ ያስቸግራል።