ፈረሰኛው የመድረክ ጌጥ አይደለም

ጥር 23 በመጣ ቁጥር የባህል ሠራተኞቻችን ወደ እንጅባራ ይተማሉ። ካሜራው የሚሻው አቧራውን፣ የግላሱን ቀለምና የጉግሱን ግጥሚያ ነው። በማግሥቱ «በዓሉ በደማቅ ሁኔታ ተከበረ» ተብሎ ይጻፍና መዝገቡ እስከ ከርሞ ይዘጋል። ይህ ባህልን ማክበር ነው የሚሉ ወገኖች ካሉ፣ ይህ ጸሐፊ ከእነርሱ ጋር አይስማማም።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የትርኢት ቡድን አይደለም። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ ይሏል! ፋሺስት ኢጣሊያ ገና ከአገር አልወጣም፤ ነፃነት የተመለሰው በ1933 ዓ.ም. ነው። በወረራ ዘመን የሚኖር ገበሬ፣ ከ44 ዓመት በፊት በዚያው ጠላት ላይ የተገኘውን የዓድዋን ድልና ፈረስ በድሉ የነበረውን ድርሻ ለመዘከር ሲሰባሰብ ምን ማለቱ እንደ ነበር ረጅም ሐተታ አያሻውም። የዓድዋ ድል የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ተገኘ፤ ማኅበሩም በዓሉን በጥር ጊዮርጊስ ያከብራል። ማኅበር የሚለው ቃልም በከንቱ የተለጠፈ አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ለቀብር ይወጣል፤ ሙሽራ ይታጀባል፤ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል። ካሜራው በማይኖርበት ቀን የሚሠራው ይህ ነው።

ፈረስ ሲነሣ የመሳፍንቱ ዘመን ናፍቆት የሚሸታቸው አሉ። ጥርጣሬያቸው መነሻ የለውም አይባልም። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ፤ የፈረስ ስም የጌታ ስም ነበር። እኛም ባለቅኔዎቹ በእነዚሁ ስሞች ቤት ስንመታ ኖርን። ከጌታው ኋላ የጋለበውን ባላገር ግን ማን ጠራው? የአገው ማኅበር ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። ዛሬ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩት አባላቱ አብዛኛው አራሽ ነው። ያ በጥር ሜዳ ላይ ሽምጥ የሚጋልበው ፈረስ በሌላው ቀን እህል ጭኖ ገበያ ይወርዳል፤ ሕመምተኛም ያደርሳል። ይህን ናፍቆተ መሳፍንት ማለት አለማየት ነው።

እኔም ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የኪነት ቡድን በጻፍሁት ተውኔት ፈረሰኞቹን በእንጨት በትር ላይ አስቀምጬ መድረኩን አስዞርኋቸው። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ትርኢቱ ሲያበቃ ግን ከዚያው አገር የመጡ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ፈረሱስ የት አለ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለነገሩ የጎደለው ፈረሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ቃለ ተውኔት ውስጥ አንዲት የአውኚ ቃል አልገባችም ነበር።

የመሥራቾቹ ትውልድ አልፏል፤ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። የሚያውቁትን የሚናገሩት በአውኚ ነው። ኮርቻ ያበጀው፣ ልጓም የቀጠቀጠው፣ ግላስ የጠለፈችው ደግሞ ስማቸው በየትኛው መጽሔት ወጥቶ ያውቃል? በዚህኛውም አልወጣም።

ስለዚህ በመጪው ጥር ወደ እንጅባራ የሚላከው ቡድን ከካሜራው ጋር አውኚ የሚያውቅ ጸሐፊ ይያዝ፤ ከበዓሉም በኋላ ቢያንስ አንድ ወር በባንጃና በአንከሻ መንደሮች ይቀመጥ። አበል አይበቃም የሚል የበጀት ኃላፊ ካለ፣ ከመድረኩ መጋረጃ ይቀነስ።