የጋራ ወይስ የየግል?

እንግሊዝኛ ስንማር ትልልቁን ቃል ለመያዝ እንጣደፋለን እንጂ፣ አፖስትሮፍ ለምትባለው፣ ከፊደል አናት ላይ ለምትንጠለጠለው ትንሽ ጭረት እምብዛም አናስብላትም። ይሁን እንጂ የአንድ ሥራ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የምትለየው እርስዋ ናት።

ይህን የምንለው ጥፋቱ ከራሳችን ስለ ደረሰ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ሁለት ባልደረቦቻችን ለየብቻቸው የደከሙባቸውን ጥናቶች ወደ ውጭ አገር ስንልክ፣ በሸኚው ደብዳቤ ላይ ምልክቷን ከኋለኛው ስም ላይ ብቻ አኖርናት። መልሱ ሲመጣ «በኅብረት ስላዘጋጃችኋቸው ጥናቶች» እያለ ያመሰግናል። አንደኛው ባልደረባችን አንብቦ፣ «ስድስት ወር ሙሉ ያመሸሁት እኮ ብቻዬን ነበር» አለን። የምንመልሰው አጣን።

ሕጉ ግን ቀላል ነው። ዋትሰንና ክሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ያወጡት ጽሑፍ የጋራቸው ስለ ሆነ፣ ምልክቷ በኋለኛው ስም ላይ ብቻ ትውላለች፤ «ዋትሰን ኤንድ ክሪክ’ስ ፔፐር» ይባላል። ዳርዊንና ዋላስ ግን በ1858 ለንደን ላይ በአንድ ስብሰባ የተነበቡላቸውን ጽሑፎች ያዘጋጁት ለየራሳቸው ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ስሞች ምልክቷን ይሻሉ። ከባለቤቶቹ አንዱ በተውላጠ ስም ሲጠራ ደግሞ፣ ንብረቱ የጋራ ቢሆንም እንኳ ሁለቱም የባለቤትነት መልክ ይይዛሉ፤ «ከበደ’ስ ኤንድ ማይ ሀውስ» እንደ ማለት ነው።

የምንሰናከለው በአማርኛችን ልማድ ነው። «የከበደና የአልማዝ ቤት» ስንል «የ» በሁለቱም ላይ ብትደገምም ቤቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጥርጥር ከገባን «የጋራ» ወይም «የየግል» ብለን እንጨምራለን። ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚገለብጥ ሰው፣ ሳያስበው ባልና ሚስትን ቤት ለቤት ያለያያል።

«ነገሩ ከአገባቡ ይታወቃል፤ ስለ አንዲት ጭረት ይህ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው?» የሚሉን አሉ። በጨዋታ ላይ እውነት ነው፤ የተሳሳተውን ወዲያው ማረም ይቻላል። ፋይል ውስጥ የገባ ደብዳቤ ግን አስረጂ አብሮት አይቀመጥም። አባቶቻችንም «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለዋል።

ስለዚህ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት «ነገሩ የጋራቸው ነው ወይስ የየራሳቸው?» ብለን እንጠይቅ። የሰውን ድካም ለባለቤቱ መስጠት ከሰዋስው በፊት የፍርድ ጉዳይ ነው እንላለን።