የመድረሳው ጣሪያና የቴሌግራም ፖስተራችን



ባለፈው ዓመት በሰንበቴ አቅራቢያ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ መድረሳ ጣሪያ በንፋስ ተገነጠለ። ከመካከላችን ሁለት ሦስት ልጆች አሊፍ ባን የቆጠሩት እዚያች ቆርቆሮ ሥር ነው። ወሬው በደረሰን ማታ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ፖስተር ሠራን። የጣሪያውን ፎቶ፣ ከሥሩም የገንዘብ ያዣችንን የግል የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቁጥር አስገብተን በየቴሌግራም ግሩፑ በተንነው። አራት ቀን ሙሉ የወንድማችን ስልክ እረፍት አላገኘም። እኛም አልሐምዱሊላህ እያልን ቆርቆሮና ሚስማር መተመን ጀመርን።

በአምስተኛው ቀን አንዲት እህት «የላክሁት ደርሷል ወይ?» ብላ ስክሪንሾት ላከችልን። ሒሳቡ የእኛ አልነበረም። አንድ ሰው ፖስተራችንን ወስዶ፣ ፎቶውንም ጽሑፉንም እንዳለ ትቶ፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ በሌላ ግሩፕ ለጥፎታል።

ሌባውን መርገም ቀላል ነው፤ ረግመነዋልም። ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። «እውነተኛው የእኛ ነው» ስንል በእጃችን ምን ማስረጃ ነበረ? የእሱም ሒሳብ በአንድ ግለሰብ ስም ነው፣ የእኛም በአንድ ግለሰብ ስም ነው። የማያውቀን ሰው ሁለቱን በምን ይለያል? በዚያ ላይ በዚያው ሰሞን ቤተሰቡ ለገንዘብ ያዣችን የላኩለት የኪስ ገንዘብ በዚያው ሒሳብ ገብቷል። ወንድማችን የትኛው የእሱ፣ የትኛው የመድረሳው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ሌሊት ተቀምጦ ቆጠረ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ሐሜቱ ግን አልቀረለትም። ኃላፊነቱን አስረከበ፤ ከዚያ ወዲህ ለጀመዓው ሥራ ሲጠራ መልሱ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ነው። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኛ ነው። አማናውን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻውን የጫንነው እኛ ነን።

የጎደለውን የሞላው የሰንበቴ ገበያ ነው። በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ የእሑዱን ገበያ ያውቀዋል፤ ከአፋር ቆላ ግመል እየነዳ የሚመጣው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው እዚያ ይገናኛል። ሼኾቹ ነጠላ ዘርግተው ቆሙ። አንዱ ሲሰጥ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ መጠኑን ይጠራል፣ ሦስተኛው ደብተር ላይ ይጽፋል። የተሰጠች ፍየል እዚያው ጨረታ ወጣች፤ የገዛትም መልሶ ሰጣትና እንደገና ተሸጠች። ከዙሁር በፊት ተቆጠረ፤ ስንት እንደሆነ ለሁሉም ተነገረ፤ ገንዘቡም በሦስት ሰዎች እጅ ሄደ።

ይህን ያዩ አንዳንድ ወንድሞች «ድሮም የኦንላይኑ ነገር ለእኛ አይሆንም» አሉ። አንስማማም። የሰንበቴ ልጅ ዛሬ ሰንበቴ ብቻ አይደለም ያለው። አዲስ አበባ አለ፣ ሪያድና ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አለች፤ እሑድ ጠዋት ነጠላው ዳር መቆም አትችልም። ገበያው ያሸነፈን በሦስት ነገር ነው፤ መጠሪያ፣ መዝገብና ምስክር ነበረው። እኛ የነበረን ፖስተር ብቻ ነው። አንድ ብሎን ሲላላ የሚወድቅ ድልድይ ብንነድፍ መምህራችን ዲዛይኑን ሳይጨርስ ይመልስልን ነበር፤ ለሶደቃው ግን እንደዚያ ያለ ዲዛይን ይዘን ወጣን።

በአገራችን በትልቁ የተሠራውን አይተናል። በ2017 ዓ.ም. የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሰብስቧል። ከእኛም ዶርም የምሳውን የላከ ነበር። ሕንፃው ቆሞ ይታያል፣ ማዕከሉ በስሙ ይታወቃል፣ ገቢው በሰው ሁሉ ፊት ይጠራል። የሰንበቴው ነጠላ ነው፤ ስፋቱ ነው የተለየው። በአንጻሩ በ2010 ዓ.ም. የተጠራውን የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ አስታውሱ። በቀን አንድ ዶላር ተባለ፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሰጥ በዓመት 365 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተሰበሰበው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ሰው ግን ለስሌት አይሰጥም፣ ለሚያውቀው ጉዳይ ይሰጣል።

«ጎፈንድሚ እንክፈት» ለምትሉ፦ ገንዘቡ ወጪ የሚሆነው በተፈቀዱ አገሮች ባንክ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ አይደለችም። ስለዚህ የሚከፈተው ውጭ ባለ ሰው ስም ነው፣ እንደገናም በግለሰብ ሒሳብ ላይ ወድቀናል ማለት ነው። ክፍያም አለው። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። አምስት ዶላር የሰጠ ሰው 45 ሳንቲም ያህል መንገድ ላይ ይቀርበታል፤ መቶ ዶላር የሰጠው 3 ዶላር ከ20። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በመስጂዳቸው አሰባስበው አንድ ላይ ቢልኩ ይሻላል።

እንግዲህ ለአዲሱ ሹራ ያቀረብነው ይህ ነው። በጀመዓው የሚሰበሰብ ገንዘብ በማንም ግለሰብ ሒሳብ አይገባም። ጀመዓው ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ይከፈት፤ ጉዳዩ ከግቢ ውጭ ሲሆን ደግሞ በአካባቢው መጅሊስ ሒሳብ በኩል ይሁን። መጅሊሱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የታወቀ ተቋም ነው። ሒሳቡ ከወለድ ነፃ መሆን አለበት፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህ ሰበብ የለንም። የሒሳብ ቁጥሩ ሁልጊዜ በጀመዓው ዋና ቻናል ላይ ብቻ ይነገር፣ ሌላው ፖስተር ሁሉ ወደዚያ ይምራ። ግቡ ሲሞላ ይዘጋ። ገቢና ወጪው ያለ ሰጪዎች ስም በየጁምዓው ይለጠፍ። «አላህ ያያል፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድም አለን። የቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን እናስታውሰዋለን።

የችግረኛው ፎቶም ያሳስበናል። የቆርቆሮ ፎቶ ማንንም አይጎዳም። የታመመች እናት ፊት ግን በሺህ ስልክ ዞሮ ከዳነች በኋላም ይከተላታል። ሶደቃ ተቀባዩን በሚያስቀይም ነገር እንዳይበላሽ ሱረቱል በቀራ ያስጠነቀቀችው ለሰጪው ነው፤ አሰባሳቢውን አይመለከትም ማለት ይከብደናል። ሰው ራሱ ካልፈቀደ ፊቱ አይለጠፍ፤ ቢፈቅድም በችግር ቀን የተሰጠ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ እናስብበት።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ዘካ ስምንት ተቀባዮች ተለይተውለታል፤ ሚስማርና ቆርቆሮ ለብዙዎቹ ዑለማዎች ከእነሱ ውስጥ አይገባም። ከጣሪያው ተርፎ አሁን በሦስቱ ፊርማ ሒሳብ ከተቀመጠው ገንዘብ ውስጥ ምክንያቱ ያልተጻፈበት አለ። ባለፈው ዓመት የላካችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለዘካ ይሁን ለሶደቃ ያሰባችሁትን እስከሚቀጥለው ጁምዓ ንገሩን። ስማችሁን መናገር አያስፈልግም፤ የላካችሁበት ቀንና መጠኑ ይበቃናል።